የጤና ጥናት ውጤት ጥያቄውን ለመለሰው ቤተሰብም ይድረስ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በጤና መኮንንነት፣ ከዚያም የዶክትሬት ተማሪዎች በሚያካሂዷቸው ጥናቶች በመስክ ተቆጣጣሪነት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ በጡረታ የተገለልሁ አንባቢዎ ነኝ። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲነገር የተመራቂው ብዛት፣ የምርምር በጀቱና በውጭ መጽሔቶች የወጡት ጽሑፎች ቁጥር ይነሣል። በሕክምና፣ በጤናና በኅብረተሰብ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ የዶክትሬት ጥናቶች ውጤት ቤቱን ከፍቶ ጥያቄውን ለመለሰው፣ ልጁን አቅፎ ጣቱን ላስወጋው ሰው ተመልሶ የሚነገረው ግን ከስንት አንዴ መሆኑን የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላየሁም። እኔ ራሴ ለዓመታት የዚህ አሠራር ተባባሪ ስለ ነበርሁ ጉዳዩን ሳልናገር ማለፍ ከብዶኛል።

ነገሩን ከአንድ ቤት ልጀምር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ደጋ ወረዳ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ደም ማነስ ለሚካሄድ የዶክትሬት ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎችን አሰማርቼ አብሬያቸው እዞር ነበር። የቀበሌው መንገድ መሪ ወደ አንድ ግቢ ሲያስገባን አንዲት እናት እንጀራ እየጋገረች፣ አማቷ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እናቲቱ ምጣዷን አውርዳ መጣች፤ የስምምነት ቅጹ ተነበበላትና አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ፈረመች። መረጃ ሰብሳቢዋ የሕፃኑን ክንድ በጥብጣብ ለካች፣ በሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ መዘነችው፣ ጣቱን በአልኮል ጠርጋ ወጋችው፤ የመጀመሪያውን የደም ጠብታ በጥጥ አብሳ ቀጣዩን በትንሿ መለኪያ ወሰደች። ሕፃኑ ሲጮኽ አያቱ ደረታቸው ላይ አስጠግተው «በሉ እንግዲህ፣ ለበጎ ከሆነ ይሁን» አሉ። የልጁን የደም መጠን እዚያው ነገርናቸው። ከዚያ መጠይቁ ቀጠለ፤ ትናንት ምን በላ፣ ውኃው ከየት ይቀዳል፣ በቤቱ ውስጥ ስንት ከብት አለ፣ ሽንት ቤቱ ክዳን አለው ወይ፣ እናቲቱ ስንት ወልዳ ስንት ሞተባት። ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። እንጀራው ቀዘቀዘ፣ ሊጡም ኩፍ ብሎ ፈሰሰ። ስንወጣ አንድ ሳሙና ሰጠናቸው፤ እኔም በቅጹ ላይ የተጻፈውን «የጥናቱ ውጤት ለአካባቢያችሁ ይጠቅማል» የሚለውን ቃል ደግሜ ተናገርሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ለክትባት ዘመቻ ወደዚያው ቀበሌ ተመድቤ ስሄድ የሕፃኑ አያት አሮጊቷ አወቁኝ። ሰላምታው ሳያልቅ «ልጄ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ መጨረሻው ምን ሆነ? የኛ አገር ልጆች የሚገረጡት በምን ምክንያት ነው ተባለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ገና ነው እማማ፣ እየተሠራ ነው» አልኋቸው። ይህን ያልሁት ስለማፍር ነበር እንጂ ጥናቱ ከተጠናቀቀ፣ ተማሪውም ዲግሪውን ከተቀበለ ዓመታት ማለፋቸውን አውቅ ነበር። ወደ ከተማ ስመለስ የመመረቂያ ጽሑፉን ፈልጌ አገኘሁት። ወፍራም ሰማያዊ ጥራዝ ነው፤ የእሳቸው ቀበሌ በአንድ የመለያ ቁጥር ተተክቷል፤ በምስጋናው ገጽ ላይ መረጃ ሰብሳቢዎችና የጥናቱ ተሳታፊዎች በአንድ መስመር ተመስግነናል። አሮጊቷ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሐሳብ በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ግማሽ ገጽ በማይሞላ እንግሊዝኛ ሰፍሮ ነበር። እሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የፈጀብኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የዶክትሬት ተማሪ መጠይቁን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። መጠይቁ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ ይተረጐማል፤ ከዚያ ሌላ ሰው የእንግሊዝኛውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጕመውና ሁለቱ ተስተያይተው ስሕተቱ ይታረማል። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ደግሞም ትክክለኛ ሥራ ነው። የአእምሮ ጤናን ለማጥናት የሚያገለግሉትን ጥያቄዎች ስንፈትሽ አንድ ቃል ላይ ግማሽ ቀን የተከራከርንበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። «ድብርት» የሚለውን ቃል ከተማ ያደገው ሁሉ የሚረዳው ይመስለናል፤ ገጠር ስንሄድ ግን አንዷ እናት «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ትላለች፣ ሌላዋ «ልቤን ይጨንቀኛል»፣ ሌላዋም «ሐሳብ ገብቶኛል» ትላለች። ተመራማሪው ከእነዚህ አባባሎች የትኛው ከሚፈልገው የሕመም ምልክት ጋር እንደሚገጥም ለማወቅ መንደር ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሕዝቡን ለመጠየቅ ሲባል ለቋንቋው ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተተርጕሞ ወደ ገበሬው ቤት ይገባል፤ መልሱ ግን አንድ ጊዜም ተተርጕሞ አይመለስለትም።

የዶክትሬት ጥናት በአገራችን ጤና ላይ ያደረገውን አስተዋጽኦ ማቃለሌ አይደለም። ቡታጅራን ብቻ መጥቀስ ይበቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመሩት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ በየቤቱ የተወለደው፣ የሞተው፣ የገባውና የወጣው ሰው ሁሉ ሳይቋረጥ ሲመዘገብ ቆይቷል። ብዙ ሰው ያለ ሐኪም ምስክር ቤቱ በሚሞትበት አገር የሟቹን ቤተሰብ ቀርቦ በመጠየቅ የሞቱን ምክንያት መለየት የተለመደው በእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ነው። ከዚያ መዝገብ ላይ ብዙ የዶክትሬት ጽሑፎች ተሠርተዋል። ዶክተር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጤና፣ ዶክተር የማነ ብርሃነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ገጠር ሴቶች ጤናና ስለ ወሊድ ውጤት ያቀረቧቸው ጽሑፎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህም ሌላ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 68,378 ሰዎች በከባድ የአእምሮ ሕመም መያዝ አለመያዛቸው የታየበት ትልቅ ጥናት እዚያው ተካሂዷል። ይህ ጥናት በአካባቢው ለአእምሮ ሕሙማን ክትትል መንገድ የከፈተ በመሆኑ ለሕዝቡ የተመለሰ ነገር የለም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። በጐንደር የዳባት፣ በጅማ የግልገል ጊቤ፣ በሐረማያ የቀርሳ የምርምር ጣቢያዎችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለው የተቋቋሙ ናቸው። በእነዚህ ቀበሌዎች ተጠይቆ ያደገ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጆች ይዞ ይጠየቃል። ለዚህ ትውልድ «አባትህና እናትህ ከነገሩን ይህን አወቅን» ብሎ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።

ዕውቀቱ ከሕዝቡ የሚመጣ መሆኑን ለማስታወስ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ብልሃርዚያ ለማጥናት በዓድዋ አካባቢ ወንዝ ለወንዝ ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ከአጣቢዎቹም አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ቦታ እንድትጨምር ጠየቋት፤ እነዚያም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከነበሩ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋምም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደዚያች ልብስ አጣቢ ሴት ነው። የግኝቱ ግማሽ በእጇ ላይ ነበር። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እሷ ታውቃለች፤ ልጇን ከብልሃርዚያ ሊያድን የሚችል መሆኑን ግን ሰው ካልነገራት ከየት ታውቀዋለች? በዓድዋ የታየው ለውጥ የመጣው ከዚያው ከአካባቢው የተገኘው እንዶድ ወንዙ ውስጥ ሲጨመር ነው።

ውጤቱን ማሳወቅ ደስ የሚያሰኝ ዜና ለማድረስ ብቻ አይጠቅምም፤ ሰው ራሱን ከጉዳት እንዲጠብቅም ያስችላል። በትግራይ ለመስኖ ተብለው በተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አካባቢ ስለሚኖሩ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውን ጥናት እንውሰድ። ጥናቱን የመሩት ያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት፣ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ናቸው። ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ መንደሮችና ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር በሚርቁ መንደሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆነ 7,000 ያህል ሕፃናት ክትትል ተደረገላቸው። በግድቡ አጠገብ የሚኖሩት በወባ የሚያዙበት መጠን ከራቁት ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ግድብ ለገበሬ በረከት ነው፤ ድርቅ ላየ ሕዝብ ውኃ ማቆር የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ማንም «ግድብ አትሥሩ» አይልም። ነገር ግን «ውኃው በደረሰልህ ዓመት አጐበሩን ለልጆችህ አስቀድም፣ ከግድቡ ሥር የሚያቁረውን ውኃ አፍስስ፣ ልጅህ ሲያተኩሰው አትዘግይ» የሚለው ምክር ለመጽሔት አንባቢ ከሚደርሰው ይልቅ ለዚያ ገበሬ ቢደርስ የበለጠ ይሠራል። ሕክምና፣ ጤናና ኅብረተሰብ በአንድ ጥናት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚመስሉ ይህ ጥናት ያሳያል፤ በሽታው በትንኝ ይተላለፋል፣ ትንኟ የምትራባበትን ቦታ ግን ልማት ነው የወለደው።

ሕዝቡን አስቀድሞ መስማት ጥናቱን ራሱን እንደሚያሻሽለው ያሳየን ደግሞ የዝሆኔ ጥናት ነው። በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ይህ የእግር እብጠት በትል ምክንያት ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ መከላከል ይቻላል። ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በወላይታ አንዳንድ ሰው በአፈሩ የሚታመምበትን፣ ጐረቤቱ ደግሞ የማይታመምበትን የዘር ውርስ ምክንያት ለመፈለግ ሲነሡ አስቀድመው ወደ ሕዝቡ ወርደው ስለ ስምምነት አወሳሰዱ ጠየቁ። ጥናቱ በዘር ውርስ ላይ በማተኰሩ በሕሙማኑ ቤተሰብ ላይ ያለውን መገለል እንዳያባብስ ስጋት መኖሩን ሰሙ። ልጃቸውን ለመዳር የሚቸገሩ፣ ከእድርና ከማኅበር የሚርቁ ሰዎች እንዳሉ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ስጋት አይደለም። ስለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያና የስምምነቱ አወሳሰድ ተስተካከለ። ጥናቱም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ታተመ። በኋላም ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቻቸው በ659 ወረዳዎች ውስጥ ባሉ 1,315 መንደሮች ተዘዋውረው በሽታው በ345 ወረዳዎች መኖሩን በካርታ አሳይተዋል። ያ ካርታ የት ወረዳ ጫማና ሕክምና እንደሚያስፈልግ ለሚወስን ባለሥልጣን ትልቅ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች የምማረው፣ ተመራማሪ ሲፈልግ ሕዝቡን አስቀድሞ ለመስማት ጊዜ የሚያገኝ መሆኑን ነው። በመጨረሻ ተመልሶ ለመናገርም እንዲሁ ጊዜ ይገኛል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይደረግም? የዶክትሬት ተማሪዎቹን አልወቅስም። አብሬያቸው በእግሬ ተጕዤ፣ በአንድ ክፍል አድሬ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ከኪሳቸው ሲጨምሩ አይቻለሁ። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ተማሪው ከመመረቁ በፊት በታወቁ መጽሔቶች ጽሑፍ እንዲያወጣ ይጠይቁታል፤ መጽሔቶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ገምጋሚዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፣ የመምህሩም የደረጃ ዕድገት በዚያው ይለካል። ወደ ቀበሌው ተመልሶ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ውጤቱን ያነበበ ተማሪ ግን የሚሞላለት ነጥብ የለም። በፈተናው ቀን ፈታኞች ስለ ናሙና አመራረጥ፣ ስለ ስታቲስቲክስ ስሌት፣ ስለ ጥናቱ ውሱንነት አጥብቀው ይጠይቃሉ። በተገኘሁባቸው ፈተናዎች ሁሉ «ይህን ለተሳታፊዎቹ መቼ ነገርሃቸው?» ብሎ የጠየቀ ፈታኝ አልሰማሁም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ሳይሠራ ይቀራል።

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ሳቀርብ በተደጋጋሚ የምሰማው መቃወሚያ «አማርኛው ለሳይንስ አይበቃም» የሚል ነው። ይህን አልቀበልም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በ16 ፓኬጆች የተከፋፈለውን ትምህርት፣ ከሽንት ቤት አቆፋፈር እስከ ወሊድ ክትትልና እስከ ሳንባ ነቀርሳ ድረስ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ በአገሬው ቋንቋ አስተምረዋል፤ እናቶችም ተረድተው ልጆቻቸውን አስከትበዋል። «በስታቲስቲክስ ረገድ ጕልህ ልዩነት ታይቷል» የሚለውን ለገበሬ ማስረዳት የሚከብደው ተናጋሪው ራሱ ምን እንዳገኘ በውል ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስንት ልጅ አየን፣ ከእነሱ ስንቱ ታሞ አገኘነው፣ የታመሙት ከጤነኞቹ በምን ተለዩ፣ ምን ቢደረግ ይሻላል ብሎ መናገር ይቻላል። ገበሬ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ምርቱን ሲካፈል የኖረ ሰው ነው።

ሌላው መቃወሚያ ክብደት ያለው በመሆኑ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ውጤት በአደባባይ አይነበብም። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ያካሄደውና ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናት በኢትዮጵያ የተካሄደው በቡታጅራ ነበር። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት የወጣው የጥንቃቄ ደንብ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ እንድትጠየቅ፣ ብቻዋን እንድትጠየቅ፣ ለአካባቢውም ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤና እንደሆነ እንጂ ስለ ጥቃት መሆኑ እንዳይነገር ያዝዛል፤ አለበለዚያ ባሏ «ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» ብሎ ዳግመኛ ሊመታት ይችላል። ይህን ውጤት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቆሞ «ከእናንተ መንደር ሴቶች ይህን ያህሉ ተናገሩ» ብሎ ማንበብ በደል ይሆናል። ስለ ኤች አይ ቪ የተጠና ጥናትም እንደዚሁ መንደርን ከመንደር ለይቶ ስም ሊያጠፋ ይችላል። የእኔ መልስ፣ ጥንቃቄው ውጤቱ በምን መንገድ እንደሚነገር እንድናስብ ያስገድደናል እንጂ ከመንገር ነፃ አያወጣንም የሚል ነው። እንዲህ ያለው ውጤት የመንደር ስም ሳይጠራ በዞን ወይም በክልል ደረጃ ሊነገር ይችላል፤ ለሴቶች ማኅበራት፣ ለአዋላጅ ነርሶች፣ ለፖሊስና ለሃይማኖት አባቶች ለየብቻ ሊቀርብ ይችላል። የትኛው መንገድ ለየትኛው ጥናት እንደሚስማማ የሚወስነው ፈቃድ የሰጠው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ነገር ግን ኮሚቴው ይህን ጥያቄ ጥናቱ ሳይጀመር ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሐሳቡ ከእኔ የመነጨ አዲስ ነገርም አይደለም። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ባዩበት በዚያው ዓመት፣ ያወጣው፣ በሰው ላይ ለሚካሄድ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2013 በተሻሻለበት ጊዜ የሕክምና ጥናት ተሳታፊዎች ሁሉ የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት የማወቅ ምርጫ ሊሰጣቸው እንደሚገባ አስፍሯል። በየጥናቱ መነሻ ላይ «የሄልሲንኪ መግለጫን አክብረን» ብለን እንጽፋለን። ካልን ዘንድ ይህንም አንቀጽ እናክብር።

ስለዚህ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሰዎች ላይ የተካሄደ ማንኛውም የጤና ዶክትሬት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፉ ከመጽደቁ በፊት፣ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ቋንቋ የተጻፈ ከአሥር ገጽ የማይበልጥ የውጤት መግለጫ አብሮ እንዲቀርብ ይደረግ። መግለጫው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለጤና ኬላው ይሰጥ፤ ተማሪው ወይም መረጃውን የሰበሰቡት ሰዎች ሄደው ለሕዝቡ ያስረዱበት፤ ጥያቄም ይቀበሉበት። መረጃ ሰብሳቢዎቹን የምጠቅሰው ሆን ብዬ ነው፤ ቤቱን የሚያውቁት፣ ቡና የጠጡት፣ ቋንቋውን የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ ጥናቱ ሲያልቅ ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን አስረክበው ይሰናበታሉ። ወጪውም የአንድ ቀን መኪና፣ ነዳጅ፣ አበልና የቡና ነው። የጥናት በጀት ሲጻፍ ለሳሙና መግዣ የሚመደብ መስመር አለ፤ ለዚህም አንድ መስመር ይጨመር። ጥናቱ ዓመታት ስለሚፈጅ ተሳታፊው ቦታ ሊለቅ ይችላል የሚሉ አሉ፤ መንደሩ ግን ቦታውን አይለቅም።

የተረጐምሁትን ግማሽ ገጽ ምን እንዳደረግሁት ልንገርዎት። የጥናቱን ባለቤት በስልክ ፈልጌ አስፈቀድሁና ወደ አሮጊቷ ቤት ይዤው ሄድሁ። ያኔ ጣቱ የተወጋው ልጅ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ነበር፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እየተንተባተበ አነበበላቸው። ያልገባቸውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ስለ ምግቡ የተጻፈውን ሲሰሙ ምራታቸውን ጠርተው «ስሚ፣ ይህንንማ እኛም ማድረግ እንችላለን» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህን ያኔ ብትነግሩን ለታናሹ በደረሰለት ነበር» አሉኝ። ታናሹ የት እንዳለ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደንባቸውን እስኪያሻሽሉ ድረስ ጋዜጣዎ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በወር አንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ቢከፍቱና በዚያ ወር የጤና ዶክትሬት ጽሑፉን ያቀረበ አንድ ተማሪ ምን እንዳጠና፣ የት እንዳጠና፣ ምን እንዳገኘ በተለመደው አማርኛ እንዲጽፍ ቢጋብዙ፣ ጋዜጣው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለሚነበብ ወሬው ቀበሌ ይደርሳል። ጽሑፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚቸገር ተማሪ ካለ ዓይኔ እስከሠራ ድረስ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ፤ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍልዎ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ጤና መኮንን፣ ከአዲስ አበባ